ዕጣ ያለ ፈንታ፦ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ቦታ ድልድልና የወላጆች ቅሬታ፣ ከቢቸናና ከሞጣ አንጻር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



የዛሬው ርእሳችን የአራት፣ የአምስትና የስድስት ዓመት ሕፃናት በመንግሥት ትምህርት ቤት ቦታ የሚያገኙበት መንገድ ነው። ቦታው ከፈላጊው ባነሰ ጊዜ ወይ አንድ ባለሥልጣን ይመርጣል፤ ወይ ምርጫው ለዕጣ ይተዋል፤ ወይም የሕፃኑ ስም በተጠባባቂዎች መዝገብ ሰፍሮ ይቆያል። ወላጆችም ያዝናሉ፤ ያማርራሉ። እኔ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ፣ ወላጅን የሚያስቆጣው ምኑ ነው የሚል ነው። ዕጣው ነው ወይስ ከዕጣው በስተጀርባ ያለ ሌላ ነገር?

መልሴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። በአማርኛ «ዕጣ» ብዙ ጊዜ ብቻውን አይቆምም፤ «ዕጣ ፈንታ» እንላለን። ዛሬ ይህን አነጋገር የምንጠቀምበት አንድ ሰው በሕይወቱ ለሚገጥመው ነገር ነው። ይሁን እንጂ «ፈንታ» ድርሻ ማለት ነው፤ «የእኔ ፈንታ» ሲባል «የእኔ ድርሻ» ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን መቆማቸው አንድ ቁም ነገር ያስታውሰናል፤ ዕጣ የሚያምረው ድርሻ ባላቸው ሰዎች መካከል ሲጣል ነው። የቅድመ አንደኛ ደረጃ ዕጣ ወላጅን የሚያሳዝነው ዕጣ በመሆኑ ሳይሆን ፈንታ የሌለው ዕጣ በመሆኑ ነው።

ዕጣ በባህላችን

ዕጣ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚያስረዳው፣ የአንድ ዋና አባት ተወላጆች ርስት ሲካፈሉ የትኛው መሬት ለየትኛው የትውልድ ቅርንጫፍ እንደሚደርስ በዕጣ ይለዩ ነበር። ዕጣው ለም የሆነውን ወይም ድንጋያማውን ሊያደርስ ይችላል፤ ተወላጅነቱ የታወቀለት ሰው ግን ባዶ እጁን አይመለስም። ዕጣው የሚወስነው «የቱ?» የሚለውን ነው።

ዕቁብንም እንመልከት። ዕቁብተኞች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ዕጣ ይወጣል፤ አንዱ ይወስዳል። ዕጣው ዛሬ ያልወጣለት ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን ዕቁቡ ሳያልቅ እንደሚደርሰው ያውቃል። እዚህ ላይ ዕጣው የሚወስነው «መቼ?» የሚለውን ነው። በሐዋርያት ሥራም ማትያስ ከሐዋርያት ቁጥር የገባው በዕጣ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በባህላችን ዕጣ ከሰው አድልዎ የነጻ ፍርድ ተደርጎ ይታያል።

በቅድመ አንደኛ ደረጃ ምዝገባ ግን ዕጣው የሚወስነው የቱን ወይም መቼን አይደለም። የሚወስነው «አለ ወይስ የለም?» የሚለውን ነው። ዕጣ የወጣለት ሕፃን ይማራል፤ ያልወጣለት ቤት ይቀራል። የተጠባባቂ መዝገብም ከዕቁብ ተራ ጋር አይመሳሰልም። ዕቁብ የሚጠብቅ ሰው ገንዘቡ አይጠፋበትም፤ የስድስት ዓመት ሕፃን ግን በመዝገብ ላይ ሳለ ሰባት ዓመት ይሞላዋል። የልጅነት ዓመት አይጠራቀምም፤ በኋላም አይከፈልም።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የርስቱን ሥርዓት ያነሣሁት ፍጹም ፍትሐዊ ነበር ለማለት አይደለም። የዕደ ጥበብ ባለሙያዎችና ሙስሊሞች በብዙ ስፍራ ከርስት ውጪ ነበሩ። ዕጣው በውስጥ ላሉት ፍትሐዊ ሲሆን በውጪ ያሉትን አያውቃቸውም ነበር። ስለዚህ ከዕጣው በፊት የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በመዝገቡ ላይ የሰፈረው የማን ስም ነው የሚለው ነው። ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ።

እጥረቱ ከየት መጣ?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አጸደ ሕፃናትን ለመደበኛ ትምህርት መዘጋጃ አድርጎ ቢጠቅስም፣ በተግባር ሥራው በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለእምነት ተቋማትና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተተወ ነበር። ውጤቱም የታወቀ ነው፤ አጸደ ሕፃናት መክፈል ለሚችሉ የከተማ ቤተሰቦች የተከፈተ በር ሆነ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ሦስት መንገዶች ተዘረጉ፤ መደበኛው አጸደ ሕፃናት፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ የሚከፈተው የአንድ ዓመት «ኦ» ክፍል፣ እንዲሁም ከፍ ያሉ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን የሚያስተምሩበት «ልጅ ለልጅ» የተሰኘው መርሐ ግብር። በኋላም ወደ አንደኛ ክፍል ለሚገቡ ሕፃናት በሁለት ወር ገደማ የሚጠናቀቅ የተፋጠነ የዝግጁነት ትምህርት ተጨመረ።

በቁጥር ሲታይ ለውጡ እጅግ ፈጣን ነበር። በትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ መረጃ መሠረት የቅድመ አንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ ቀድሞ እጅግ ዝቅተኛ ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. 26.1 በመቶ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ 34 በመቶ ደረሰ። ይህ ዕድገት በከፊል የመጣው የ«ኦ» ክፍልና የልጅ ለልጅ ተማሪዎች በቆጠራው ውስጥ በመካተታቸው መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ያም ሆኖ ለብዙ የገጠርና የአነስተኛ ከተማ ወላጆች «ኦ» ክፍል ያለ ክፍያ የተገኘ የመጀመሪያው በር ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛ ደረጃን የሁለት ዓመት የትምህርት እርከን አድርጎታል።

እዚህ ላይ ቅሬታው ለምን እንደሚጨምር ማስተዋል ይገባል። ማንም የማያገኘውን ነገር ማጣት አያስቆጣም፤ ጎረቤት ያገኘውን ማጣት ግን ያስቆጣል። መንግሥት «ይህ የሕፃኑ መብት ነው» ብሎ በፖሊሲ ሲጽፍ ወላጅ አምኖ ይመጣል፤ ክፍሉ፣ መምህሩና መቀመጫው ግን በዚያው ፍጥነት አይጨምሩም። የቅሬታው ምንጭ በተስፋውና በክፍሉ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ቢቸናና ሞጣ

ሁለቱ ከተሞች ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ቢቸና የእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ናት። ሁለቱም በዙሪያቸው ሰፊ የገጠር ቀበሌ ያላቸው የገበያና የአስተዳደር ማዕከላት ናቸው። በእንዲህ ያለ ከተማ የሚኖር ወላጅ ከፊቱ ያሉት በሮች በአጠቃላይ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት «ኦ» ክፍል ነው። ሁለተኛው ክፍያ የሚጠይቀው የግል አጸደ ሕፃናት ነው። ሦስተኛው የእምነት ትምህርት ቤት ነው፤ ለክርስቲያኑ የቄስ ትምህርት ቤት፣ ለሙስሊሙ የቁርአን ትምህርት ቤት።

ሦስተኛውን በር በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። በቢቸና አቅራቢያ የምትገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት የታወቀች ናት፤ ሐዲስ ዓለማየሁም ከተማሩባቸው አድባራት አንዷ ናት። የቄስ ትምህርት ቤት ግን ከቅኔ ቤቱ እጅግ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ሕፃኑ ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ እያለ እስከ ዳዊት ይዘልቃል። በዚያ ሥርዓት የኔታ «ቦታ ሞልቷል» ብለው ሕፃን የሚመልሱበት ልማድ የለም። ይህ የሆነው የኔታ ሁሉን በራሳቸው ስለሚያስተምሩ ሳይሆን፣ ቀድሞ የገባው ልጅ ኋላ የመጣውን ስለሚያስቀጽል ነው። ዛሬ «ልጅ ለልጅ» ብለን በአዲስ ስም የምንጠራው አሠራር በጎጃም የቆየ ሥር አለው። እርግጥ ነው፣ በቃል ማስጠናት ለሕፃን እድገት የሚያስፈልገውን ጨዋታና ንግግር አይተካም፤ ተማሪ የመቀበል አቅሙ ግን ትምህርት ሊሆነን ይችላል።

ወደ መጀመሪያው በር እንመለስ። በእነዚህ ከተሞች በአንድ ማዕከል የሚካሄድ ይፋዊ የዕጣ ሥርዓት የለም። ታዲያ ቦታ ሲጠብ ማን ይገባል? ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ትምህርት ቤት ለ«ኦ» ክፍል አንድ ክፍልና 50 መቀመጫ አለው እንበል፤ 90 ወላጆች መጡ። ርእሰ መምህሩ ሁሉንም ከመዘገበ ክፍሉ የማቆያ ስፍራ ይሆናል። ከመለሰም የመመለሻው መስፈርት ምንድን ነው? ቀድሞ የመጣ? ያ ማለት የምዝገባውን ቀን ቀድሞ የሰማ ማለት ነው። ቅርብ የሚኖር? ያ ማለት በከተማው መካከል ቤት ያለው ማለት ነው። የልደት የምስክር ወረቀት ያለው? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ብዙ የገጠር ቤተሰብ ወረቀቱ የለውም። ሰው የሚያውቅ? ይህን ማንም በይፋ አይጽፈውም፤ ወላጅ ሁሉ ግን ይጠረጥረዋል።

እነዚህ ሁሉ ዕጣዎች ናቸው። ልዩነታቸው ስም የሌላቸው መሆናቸው ነው። ሕፃኑ የተወለደበት ሰፈር፣ የአባቱ ትውውቅ፣ የእናቱ መረጃ የማግኘት ዕድል ዕጣውን አስቀድመው ያወጡታል። ስለዚህ «ዕጣ አንፈልግም» የሚል ወላጅ ሲገጥመን፣ የምንመልስለት ጥያቄ «በየትኛው ዕጣ ይሻልሃል? በሚታየው ወይስ በማይታየው?» የሚል መሆን አለበት።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ተጨምሯል። በአማራ ክልል በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ ምሥራቅ ጎጃምም ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ይህ ለርእሳችን የሚያስከትለው ነገር ግልጽ ነው። በር በተከፈተ ቁጥር በአንድ በር ላይ የሦስት ዓመት ልጆች በአንድነት ይቆማሉ፤ ጊዜው የደረሰለት የአምስት ዓመት ሕፃን፣ ዓምና መግባት የነበረበት የስድስት ዓመት፣ ምንም ሳይቀመጥ ያደገ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ። «ማን ይግባ?» የሚለው ጥያቄ ከምንጊዜውም በላይ የሚከብደው ያን ጊዜ ነው።

ዋሽንግተን ምን ያስተምረናል?

የሚታይ ዕጣ ምን እንደሚመስል ለማየት ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩባት ከተማ፣ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ እንሂድ። በዚያ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚሰጥ የመንግሥት ቅድመ ትምህርት አለ፤ ቦታው ግን ለሁሉም አይበቃም። ከ2014/15 እ.ኤ.አ. የትምህርት ዘመን ጀምሮ «ማይ ስኩል ዲሲ» በሚባል የጋራ ዕጣ ይደለደላል። ወላጅ እስከ 12 ትምህርት ቤቶችን በምርጫ ቅደም ተከተል ያሰፍራል፤ ለእያንዳንዱ ሕፃን በዘፈቀደ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ወንድም ወይም እኅት በትምህርት ቤቱ ያለው፣ በአካባቢው የሚኖር፣ በታወቀ ደንብ ቅድሚያ ያገኛል፤ ያልደረሰው በተጠባባቂ መዝገብ ቁጥሩን ያውቃል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት የማመልከቻ መረጃው በአማርኛም ይገኛል። በዚህ መስክ የሚሠራበት የድልድል ቀመር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ከአልቪን ሮዝና ከሎይድ ሻፕሊ ጥናት ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለም በዋሽንግተን ያሉ ወላጆች በየዓመቱ ያማርራሉ። ምክንያቱም የቱንም ያህል የረቀቀ ቀመር አንድ መቀመጫ አይጨምርም። ዕጣ እጥረትን ያከፋፍላል እንጂ አያስወግድም። ሆኖም በዚያ ሥርዓት ውስጥ አንድ የሚጠቅመን ነገር አለ። ሕፃኑ አምስት ዓመት ሲሞላው ዕጣ አያስፈልገውም፤ በሰፈሩ ትምህርት ቤት የመግባት መብት አለው። ስለዚህ ዕጣው የሚወስነው ከዚያ በፊት ይጀምራል ወይስ አይጀምርም፣ የትስ ይጀምራል የሚለውን ነው። ከዕጣው ሥር ማንም የማይነካው ፈንታ አለ።

ያልደረሰው ምን ያጣል?

የወላጆች ጭንቀት የተጋነነ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሰጡን ራሳቸው በዕጣ የተካሄዱ ጥናቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1967 በሚሺጋን ግዛት በይፕሲላንቲ ከተማ በተካሄደው የፔሪ መርሐ ግብር 123 ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናት በዘፈቀደ በሁለት ተከፈሉ፤ 58ቱ ተማሩ፣ 65ቱ ሳይማሩ ቀሩ። አርባ ዓመት ሲሞላቸው በተደረገው ክትትል፣ ከተማሩት 77 በመቶው፣ ካልተማሩት ደግሞ 60 በመቶው ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀው ተገኙ። በሥራና በገቢም ልዩነት ታየ።

ነገር ግን ሌላውን ጥናት ሳልጠቅስ ባልፍ ለእውነት አልታመንም። በቴነሲ ግዛት ፈላጊው ከቦታው በበዛባቸው ትምህርት ቤቶች 2,990 ያህል ሕፃናት በዕጣ ተለዩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ዕጣው የወጣላቸው ልጆች በፈተና ውጤትም በሥነ ምግባርም ካልወጣላቸው ያነሱ ነበሩ። ፔሪ ጥቂት ሕፃናት፣ በሚገባ የሠለጠኑ መምህራንና የቤት ለቤት ጉብኝት የነበሩበት ሥራ ነው፤ በስፋት ሲዘረጋ ያ ሁሉ እንዲሁ ተከትሎ አይመጣም።

ይህ ለእኛ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። በብዙ የ«ኦ» ክፍሎች የሚመደቡት ለሕፃናት ተብሎ የተለየ ሥልጠና ያልወሰዱ መምህራን ናቸው፤ መጫወቻ የለም፤ ሕፃኑ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ተደርድሮ ሰሌዳ ይገለብጣል። ስለዚህ የወላጅን ቅሬታ ለማብረድ 90ውንም በአንድ ክፍል ማጨቅ መፍትሔ አይደለም። ያ ለሁሉም ፈንታ መስጠት ሳይሆን ፈንታውን ማጥፋት ነው።

ምን ይደረግ?

በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ አሁን ባለው አቅም ሊሠሩ የሚችሉ አምስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከምዝገባ በፊት ቆጠራ ይቅደም። የቀበሌ አስተዳደሮችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የአካባቢያቸውን ሕፃናት ያውቃሉ። ወረቀት ያለውም የሌለውም፣ የተፈናቃዩም የነባሩም፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ፣ አካል ጉዳት ያለበትም ሕፃን በመዝገቡ ይስፈር። ከርስቱ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው፤ በመዝገቡ የሌለ ሰው ለዕጣም አይደርስም።

ሁለተኛ፣ ቅድሚያ ለዕድሜ ይሰጥ። በቀጣዩ ዓመት አንደኛ ክፍል የሚገባ ሕፃን ሁሉ ያለ ዕጣ ይግባ። የአምስት ዓመቱ አንድ ዓመት መጠበቅ ይችላል፤ የስድስት ዓመቱ ግን አይችልም። ይህ አንድ ደንብ የዕጣውን ባሕርይ ይለውጠዋል። ዕጣው የሚጣለው በታናናሾቹ መካከል ስለሚሆን፣ የሚወስነው ሁለት ዓመት ይማራል ወይስ አንድ ዓመት የሚለውን እንጂ ይማራል ወይስ አይማርም የሚለውን አይሆንም። ዕጣው ወደ ዕቁብ ዕጣ ይጠጋል።

ሦስተኛ፣ ለቀሪው ቦታ ዕጣው በአደባባይ ይውጣ። በወላጆች ፊት፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ውጤቱም ከተጠባባቂዎች ተራ ጋር በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ድኾችን በገቢ ለይተን ቅድሚያ እንስጥ የሚል ሐሳብ ይነሣል፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ገቢ በማይመዘገብበት ስፍራ «ድኻ ማነው?» የሚለውን የሚወስነው ደብዳቤ ይሆናል፤ ደብዳቤ የሚያጽፈው ደግሞ ሁልጊዜ ድኻው አይደለም።

አራተኛ፣ ዕጣው ያልወጣለት ባዶ እጁን አይሂድ። የፈረቃ ትምህርት፣ የልጅ ለልጅ መርሐ ግብር፣ የክረምቱ የዝግጁነት ትምህርት ለተጠባባቂዎቹ ቀድመው ይዘጋጁ። የቄስና የቁርአን ትምህርት ቤቶች መምህራን ፈቃደኛ ሲሆኑ የሕፃናት አያያዝ ሥልጠና ይሰጣቸው። ግጭቱ ያስቀራቸው የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ደግሞ ከአምስት ዓመት ሕፃን ጋር ለአንድ ወንበር እንዳይወዳደሩ የራሳቸው የተፋጠነ ክፍል ያስፈልጋቸዋል።

አምስተኛውና ለእኔ ዋነኛው፣ የተጠባባቂዎች መዝገብ ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ መዝገቡ በርእሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ያልቃል። ለወላጅ የተስፋ ማስታገሻ ነው፤ ለአስተዳደሩ ግን ምንም አይደለም። መዝገቡ በየዓመቱ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ዞኑ ይላክ፤ የምክር ቤቱ የበጀት ውይይት ላይ ይቅረብ። ሕዝብ ለሕፃናቱ የገባውን ቃል በስም ዘርዝሮ የያዘ የዕዳ መዝገብ ነውና። 40 ስም ያለበት መዝገብ አንድ ክፍልና አንድ መምህር እንደጎደለ ከማንኛውም ሪፖርት በተሻለ ይናገራል።

ለእናንተ ለተማሪዎች አንድ ቃል ልጨምር። ከእናንተ መካከል ነገ ርእሰ መምህር፣ የወረዳ ባለሙያ፣ ተመራማሪ የምትሆኑ አላችሁ። አንዲት እናት «ልጄን ለምን መለሳችሁት?» ብላ ስትጠይቃችሁ «ዕጣው አልወጣለትም» ብላችሁ ብትመልሱ እውነት ተናግራችኋል፤ መልስ ግን አልሰጣችሁም። መልስ የሚሆነው ዕጣው እንዴት እንደወጣ፣ ልጇ ስንተኛ ተራ ላይ እንዳለ፣ እስከዚያ ምን እንደተዘጋጀለት፣ በሚቀጥለው ዓመትም ያለ ዕጣ እንደሚገባ ስትነግሯት ነው። ያን ጊዜ ቅር እያላትም ቢሆን ታምናችኋለች። ሕዝብ በትምህርት ቤቱ ላይ ያለው እምነት የሚጸናው ወይም የሚላላው በዚህች አጭር ንግግር ነው።